የመሃሉ ወንበር

መምህር ቦዩዋን ለቀስተኛ በሞላበት ሳሎኑ መሃል ቆሞ አጨበጨበ። ጯ! አንድ ጊዜ ብቻ።

የወረቀት አበባ ሲያጥፉ የነበሩት ሴቶች እጃቸው ባለበት ቀረ። በር ላይ ሻይ ሲቀዳ የነበረው ጎረቤት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ዞረ። የቦዩዋን ሚስት ዩሊየን ከሞተች ገና ሦስት ቀኗ ነው።

«መምህር፣ ምነው? ምን ሆኑ?» አለች የሟቿ ታናሽ እህት ዩቻን።

«ጠፍቷል!» አለ ዓይኑ በርቶ።

«ማን ነው የጠፋው?»

«ማስተጋባቱ! ስሚ እስቲ!» ደግሞ አጨበጨበ። «ሰማሽ? ግድግዳው ዝም አለ!»

ሴት ልጁ ዌንቺ ክንዱን ያዝ አድርጋ «አባባ፣ ሰው እያየ ነው» አለችው በሹክሹክታ።

ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል። በሉካንግ ከተማ ግን ለሙዚቃ ጥራት ሲሉ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ፤ «ትኩሳታሞች» ይሏቸዋል። ቦዩዋን ደግሞ የትኩሳታሞቹ አውራ ነው። የቀብር ሠራተኞቹ ሳሎኑን ከጣሪያ እስከ ወለል በወፍራም ቢጫ ጨርቅ ሲሸፍኑት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሚስቱን የለመናትን ነገር አደረጉለት። እሱ ጨርቅ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጣል፣ ድምፅ ይጠራል ሲላት ዩሊየን «የምኖረው ቤት ነው ወይስ ድንኳን?» ብላ አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን የሚከራከር የለም። ደስ አለው፤ ደስ ስላለው አፈረ፤ ማፈሩም ደስታውን አላጠፋለትም።

የሟቿ ፎቶ ከቆመበት መሠዊያ ግራና ቀኝ ሁለቱ ጥቁር ስፒከሮች ቆመዋል፤ ቁመታቸው የሰባት ዓመት ልጅ ያህላል፣ ዋጋቸው አዲስ መኪና ይገዛል። ክብደታቸው አላነሳ ስላላቸው ሠራተኞቹ እዚያው ትተዋቸው የአበባ ማስቀመጫ ደርድረውባቸዋል። ቦዩዋን የማስቀመጫዎቹን ውሃ ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። ከስፌት መኪናው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አሉ፤ የዩሊየን። ትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ናቸው። ሌላዋ ሙሽራ አልጋ ልብስ ይዛ ስትመጣ እሷ የስፌት መኪናዋንና እነዚህን በሞተር ብስክሌት አስጭና ነው የመጣችው። የአንደኛው ውስጡ ተቀዶ በገበር ጨርቅና በሙጫ ጠግናዋለች።

ዩሊየን በሕይወት ሳለች፣ ቦዩዋን አዲስ ነገር በገዛ ቁጥር፣ ሽቦም ይሁን ማጫወቻ፣ ከትልልቆቹ ስፒከሮች ፊት ለፊት ባለው በመሃሉ ወንበር ላይ ይቀመጥና «ዩሊየን፣ ነይ ስሚ!» ይላል። እሷም መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች በርጩማዋን እየጎተተች ትመጣለች። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ትሰማለች።

«እህስ?»

«የኔዎቹ ይሻላሉ።»

«ጆሮሽን ክር ደፍኖታል!»

«ያንተን ደግሞ ዋጋው ደፍኖታል» ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ በቃሉ ያውቀዋል። ቦዩዋን በሌላው ሁሉ ለሚስቱ እሺ ባይ ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ቆጨው። አንድ ቀን «አዎ፣ ያንተ ይሻላል» እንድትለው ሲመኝ ኖሮ፣ ሳትለው አመለጠችው።

ጠቡ ደግሞ ሞታም አላለቀም። ከመቀበሯ በፊት በሚደረገው የስንብት ቀን የምትወዳቸው ዘፈኖች ደጅ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዲሰሙላት ቤተሰቡ ተስማማ። በየትኛው ስፒከር?

«በትልልቆቹ!» አለ ቦዩዋን። «በመጨረሻዋ ቀን እንኳ ጥሩ ነገር ትስማ!»

«አባባ፣ በራሷ ይሁንላት» አለች ዌንቺ። «ምን እንደምትወድ ስትነግርህ አይደል የኖረችው?»

«ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች ዩቻን። «ባለጉዳይዋ እዚህ አለች። እንጠይቃት።»

ከኪሷ ሁለት ሳንቲም አወጣች። ሙታንን የሚጠይቁት እንዲህ ነው፤ አንዱ ዘውድ፣ አንዱ ጎፈር ከወጣ እሺ ብላለች፤ ሁለቱም ጎፈር ከሆነ እምቢ፤ ሁለቱም ዘውድ ከሆነ ግን እየሳቀች ነው፣ መልስ አልሰጠችም። ዩቻን ፎቶው ፊት ተንበርክካ «እህቴ፣ በትልልቆቹ ይሁን?» ብላ ወረወረች።

ሁለቱም ዘውድ።

«በትንንሾቹ ይሁን?»

ሁለቱም ዘውድ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁም ነገር እየጠየቅሁሽ ነው!» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ብትወረውር አሁንም ሳቅ። አበባ የሚያጥፉት ሴቶችም ሳቁ። እያለቀሱ ነው የሳቁት። «እሷ እንደሆነች አትፈርድም» አለች ዩቻን ጉልበቷን እያራገፈች። «እናንተው ተፋለሙ።»

ካንግ ይህን በር ላይ ሆኖ ሰማ። ካንግ የቦዩዋን የልብ ጓደኛና ደመኛ ነው፤ እሱም ትኩሳታም ነው። ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠ።

«ፈተና እናድርግ! በመጋረጃ! ማንም ሳያይ!»

«ለቅሶ ቤት?» አለች ዩቻን።

«ሠላሳ ዓመት የዘገየ ፈተና ነው! እሷስ ብትሆን ዝምታ መች ትወድ ነበር?»

ቤቱ ታመሰ። ድንኳኑ ስር የመሃሉ ወንበር ላይ ያንቀላፉ ሽማግሌ ተቀስቅሰው ወንበሩ ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ቦዩዋን ወለሉ ላይ ባደረገው ምልክት ላይ፣ ልክ መሃል። ትንንሾቹን ሣጥኖች ከትልልቆቹ ጎን ሰቅለው ሁሉንም በቢጫ ጨርቅ ጋረዷቸው። ዌንቺ ከመጋረጃው ኋላ ሽቦ ለመቀያየር ገባች። ካንግ ስልኩን አውጥቶ በሱ እየለካ የሁለቱን ጩኸት እኩል አደረገ፤ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላልና ትኩሳታም የሚታለለው በዚህ ነው።

«ቆይ ቆይ!» አለ ድንገት እጁን አንስቶ። «የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ሰማችሁ? ከዚያ ከኋላ። ይህ እያለ ፈተና አይሆንም፣ ንቀሉትና…»

የሚያጉረመርመው ዩሊየን እስክትቀበር የተኛችበት የማቀዝቀዣ ሣጥን ነበር።

ቦዩዋን በደጉ ዘመን ሙዚቃ ሊሰማ ሲል የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ ይነቅልና መሰካቱን ይረሳ ነበር። ዩሊየን ስንት ዓሣ ሸትቶባት እንደጣለች ቤት ይቁጠረው።

«አይነቀልም» አለ ቦዩዋን። «ያጉረምርም። እንዳሻው ያጉረምርም።»

«ይህን ከአፍዎ ለመስማት መሞት ነበረባት?» አለች ዩቻን፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ካንግም በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

ከዚያ ተጀመረ። ካንግ እንግዳ ነውና መሃሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቦዩዋን አጠገቡ ያገኘውን በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ። ሌላው ሰው ባገኘው ቦታ ቆመ። አንዲት ሴት በጊታር ብቻ የምታንጎራጉረው የድሮ ዘፈን ተከፈተ፤ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው።

«አንደኛው!» ብሎ ጮኸ ካንግ። «ምን ጥያቄ አለው!»

«ሁለተኛው» አሉ ሴቶቹ።

«ሁለተኛው ነው እንጂ!» ቦዩዋን ከበርጩማው ሊነሳ ምንም አልቀረው። «አንደኛው አንገቱን የታነቀ ይመስላል! ሁለተኛው ግን ቤቱን ሞላው! ካንግ፣ ደንቁረሃል፤ ልጄን እንደማውቃት ስፒከሬን አውቀዋለሁ!»

ዌንቺ መጋረጃውን ገለጠች። ሁለተኛው የእናቷ ነበር።

ድንኳኑ ድረስ የተሰማ ጩኸት ሆነ። ዩቻን እያጨበጨበች ወደ ፎቶው ዞረች፤ «እህቴ፣ ሰማሽልኝ?» ቦዩዋን ቀላ፤ ድገሙት አለ። ተደገመ፤ ተራው ተቀያየረ፤ ካንግ አሁንም ትልልቆቹን፣ ቦዩዋን አሁንም ትንንሾቹን መረጠ። ልኩን ካንግ ራሱ ስላስተካከለው ማመካኛ እንኳ ጠፋ።

«ሐዘን ጆሮህን ደፍኖታል» አለ ካንግ ከወንበሩ እየተነሳ። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

ቦዩዋን ተቀመጠ። ትልልቆቹ ተከፈቱ። ዘፋኟ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ወጥታ ፊቱ ቆመች፤ ትንፋሿ፣ ጥፍሯ ክሩን ሲነካ፣ ሁሉም። «ይኸው!» አለ። «ይኸው! ይኸው እኮ!» ብድግ ብሎ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ዘፋኟ ጠፋች፤ ድምፁ ሁሉ ቅርብ ወዳለው ሣጥን ተሰብስቦ ታፈነ። ወንበሩ ላይ፤ መጣች። በርጩማው ላይ፤ ጠፋች። «ትንንሾቹን ክፈቺ!» አለ። ትንንሾቹ ከወንበሩም ከበርጩማውም ያው ናቸው፤ ለሁሉም ሰው እኩል ያወራሉ። እንደ ሕፃን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሴቶቹን በሳቅ ገደላቸው።

ከዚያ በርጩማው ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።

«ይህ በርጩማ…» አለ።

«የእማማ ነዋ» አለች ዌንቺ።

«ሁልጊዜ እዚህ ነበር የምትቀመጠው?»

«አባባ፣ ሌላ የት ትቀመጥ? ወንበሩ አንድ ነው።»

ቦዩዋን ባዶውን ወንበር አየ። ትልልቆቹ ለአንድ ሰው፣ ለመሃሉ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ይህን ለስንቱ ሲያስተምር ኖሯል። ዩሊየን አልዋሸችውም፤ እልኸኛም አልነበረችም፤ ጆሮዋንም ክር አልደፈነውም። እሱ ካስቀመጣት ቦታ ሆና የሰማችውን እውነት ነው በየጊዜው የነገረችው። አንድ ቀን እንኳ «ነይ እዚህ ቁጭ በይ» አላላትም። ሦስት ቀን ሙሉ ያልመጣው ለቅሶ አሁን መጣ፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ሲበቃው ካንግ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ታዲያ የስንብቱ ቀን በየትኛው ይሁን?» አለ።

«በሷ ነዋ» አለ ቦዩዋን አፍንጫውን እየጠረገ። «ድንኳን ውስጥ መሃል የሚቀመጥ ማን አለ? ለሰው ሁሉ የሚሆነው የሷ ነው።» ወደ ዩቻን እጁን ዘረጋ። «ሳንቲሞቹን ስጪኝ።»

«ደግሞ ምን ሊጠይቋት ነው?»

«ከቦታዋ ላነሳት ነው። ሳታስፈቅድ አይነኳትም አይደል?»

ፎቶዋ ፊት ተንበረከከ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋበት፤ ከዚያ የሚያውቀውን አለ።

«ዩሊየን፣ ነይ ስሚ።»

ወረወረ። አንዱ ዘውድ፣ አንዱ ጎፈር።

ዌንቺ ፎቶውን በሁለት እጇ አንስታ መሃሉ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ካንግ ሳይነገረው ሄዶ ትልልቆቹን አገናኘ። ቦዩዋን በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ አንዴ ስፒከሮቹን፣ አንዴ ፎቶውን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፎቶዋን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ገፋት፣ ልክ መሃል እንድትሆን።