እትዬ ለምን ክፍሌ የገቡ ቀን

ፍርሃቴ እንዳይታይብኝ ጠረጴዛው ጀርባ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ በአራት እንግዶች እንዲህ ልራድ? አፈርኩም፣ ፈራሁም።

የአምስት ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መምህራን በየወሩ አንዳችን የሌላችንን ክፍል እንጎበኛለን። አስተማሪውን ቆሞ ማየት የለም። እንግዳው ተማሪ አጠገብ ቁጭ ብሎ ልጁ የሚለውን ይጽፋል። አምና ተራዬ ሲደርስ ታመምኩ ብዬ ቀረሁ። በዚያው ዓመት ከአርባ ሁለት ተማሪዎቼ ፈተናውን ያለፉት ዘጠኝ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ስድስተኛ ክፍልን እንደሚነጥቁኝ ነግረውኛል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ስለዚህ አጭበረበርኩ። የዛሬውን ትምህርት፣ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈልን፣ ትናንት አስተምሬ ጨረስኩ። ማን እጁን እንደሚያወጣ ሳይቀር አስጠናኋቸው።

መጀመሪያ ሰመረልኝ። ሦስት አራተኛ ሲካፈል ለአንድ ስምንተኛ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። «ሁለተኛውን ገልብጠን እናባዛለን!» ብለው ጮኹልኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያኔ ትልቋ እንግዳ ጥግ ወዳለችው ልጅ ጎንበስ አሉ። እኚህን መምህርት በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከአንድ ጥያቄ በቀር ስለማያውቁ እትዬ ለምን ነው የምንላቸው።

«ለምንድነው የምትገለብጪው፣ እናቴ?»

ልጅቷ አየችኝ። ይሄን አላስጠናኋትም። «ቲቸር ናቸዋ ያሉን!»

«እንግዲያው ቲቸርን እንጠይቃቸዋ።»

ክው አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሃያ ዓመት ገልብጡ ስል ኖሬ ለምን እንደሆነ አላውቅም! የጠየቀኝን ልጅ ሁሉ በቁጣ ዝም አሰኝቼዋለሁ።

«አላውቀውም» አልኩ።

እትዬ ለምን አልሳቁብኝም። «እኔም አሥራ አንድ ዓመት አላውቀውም ነበር። እነዚሁ ጓደኞቻችን ናቸው ያስተማሩኝ። ነይ ቁጭ በይ፣ እህቴ።» አንድ ረጅም ወረቀት አንስተው ለልጅቷ ስምንት ቦታ አሳጠፏት።

«ሙሉው ስንት አንድ ስምንተኛ አለው?»

«ስምንት!»

«የወረቀቱ ሦስት አራተኛስ?»

ቆጠረች። «ስድስት!»

«የስምንት ሦስት አራተኛ ማለት አይደል? በስምንት ያባዛነው ለዚህ ነው።»

ገባኝ። ልጅቷም ገባት፤ ፊቷ ግን አልፈካም።

«ቲቸር፣ አምና እህቴን ደደብ ነሽ ያሏት ይሄን ስላላወቀች ነው?»

ርዕሰ መምህሩንም ፈተናውንም እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ያላወቅሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ነገ ይዘሻት ነይ።»

«ትምህርት ትታለች እኮ።»

እትዬ ለምን መጻፋቸውን አቆሙ።

«ቤታችሁ ሩቅ ነው?» አልኳት፣ የእህቷን ፊት ከአሁኑ እየፈራሁ።