የሌሉ ሰዎች ወረፋ

ነርሷ በመምህርቷ ሁለቱም ዓይኖች ውስጥ ጠብታ ጨምራ «ትንሽ ብዥ ይልብዎታል፤ አይጨነቁ» ብላት ከሄደች ሩብ ሰዓት ሆኗል። ክፍሉ ቀስ እያለ መቅለጥ ጀመረ። ነጩ ግድግዳ ብርሃን ብቻ ሆነ፤ ከፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ፊታቸው ጠፍቶ ጢማቸው ብቻ ቀረ። መምህርቷ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ቁርጥ እነሱን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታስተምራቸው የኖረችው የሶሲዮሎጂ አባቶች ከመጽሐፍ ሽፋን ወርደው ዓይናቸውን ሊታከሙ የመጡ መሰላት።

በዩኒቨርሲቲው «የአባቶች ጠበቃ» ይሏታል፤ በሐሜት ተጀምሮ ማዕረግ ሆኖ የቀረ ስም ነው። ወጣቶቹ መምህራን «ትምህርቱ ከመሥራቾቹ አልፎ ይሂድ» ባሉ ቁጥር ስብሰባ አቋርጣ ትወጣለች። አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ የአንዲት ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ አለ። ልጅቷ ቁጥር የማይታደልበት የሕክምና ወረፋ እንዴት ሳይፈርስ እንደሚውል ስድስት ወር ቁጭ ብላ አጥንታ፣ የመሥራቾቹን ስም አንዴም ሳታነሳ ጨርሳዋለች። አንዱ ፈታኝ አሳልፏታል፣ ሌላው ጥሏታል። ሦስተኛዋ መምህርቷ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ደውላ ቃሏን ትሰጣለች፤ ከጣለቻት ልጅቷ ዓመቱን እንዳለ ትደግማለች።

መምህርቷ ልትጥላት ቆርጣለች። ግን አንብባ ሳትጨርስ መፍረዱ ከንክኗት፣ የቀሩትን ገጾች ወረፋ ስትጠብቅ ልታያቸው አስባ ነበር። ጠብታውን ማን አስቦት።

«እትዬ፣ ወረቀቱን አፍንጫዎ ላይ ሊለጥፉት ነው እኮ» አለቻት ከእሷ ቀጥሎ ተራ የያዘችው ልብስ ሰፊ። «ይስጡኝ ላንብብልዎት። እኔ ጠብታው ገና አልደረሰኝም።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው ተጠንቅቃ አነበበች። አዲስ የመጣ ሰው የመጨረሻው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ ያለውን ሰው። ወረፋው በሙሉ የቆመው በዚህች ዕውቀት ነው። ድምፁ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ይመጣል። መምህርቷ የሞቱት የራሷ አስተማሪ ትዝ አሏት፤ የመሥራቾቹን መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ሲሰጧት አደራ የሰጧት ያህል ነበር።

«እውነቷን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ገጽ እየገለጠች። «ይቺ ልጅ እዚሁ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ የከረመች ናት።»

«ስለ አባቶቹስ ምንም አትልም?»

«የማን አባቶች?»

መምህርቷ ሳቀች። ወዲያው ግን አባቶቹን ከተውኩ እኔ ምን ልሆን ነው ብላ ፈራች። ፍርሃቱ ዛሬ የተወለደ አይደለም፤ ስም ያወጣችለት ግን ዛሬ ነው።

«ቀጣይ» አለች ነርሷ ከበሩ።

ተራው ከመምህርቷ ፊት የነበረው ባለ ጃንጥላ ሰውዬ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። «ከፊቴ ሰው አለ» አለች መምህርቷ።

ነርሷ ጠበቀች። አግዳሚው ወንበር ሁሉ ጠበቀ። «ቀጣይ» አለች እንደገና።

«ሰው አለ አልኩ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ነካ አደረገቻት። «እትዬ፣ ሰውየው ሄዷል። ቦታውን መያዝዎ ደግ ነው፤ ግን ከኋላዎ እኛም አለን።» ቁጣ አልነበረበትም። የያዘችውን ገጽ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ቀጠለች፦ «ልጅቷም ብላዋለች። ይኸው፤ ‹ወረፋው ከመንቀሳቀስ የሚቆመው በሄደው ሰው ምክንያት አይደለም፤ ቦታ የያዘለት ሰው አልነሳም ሲል ነው›።»

መምህርቷ ለሄዱት ቦታ ስትይዝ ስንቱን ተማሪ ከኋላዋ እንዳቆመች ልትቆጥር ሞከረችና ተወችው። ስልኳን አውጥታ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው እንድትደውልላት ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት፤ እሷም ቁጥሩን ፈልጋ ደወለችላት።

«ልጅቷ ትለፍ» አለች መምህርቷ።

«የመሥራቾቹ ምዕራፍ የለበትም እኮ፣ መምህር። በደህናዎ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ደህና ነኝ። እነሱን እኔ አውቃቸዋለሁ። እሷ ያየችውን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። ትለፍ።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። «ልጅዎ ናት?»

«አይደለችም» አለች መምህርቷ ግድግዳውን ደግፋ እየተነሳች። «ከኋላዬ ያለች ናት።»