ካፖርቱ የተገኘበት ድልድይ

እናት ወሬውን የሰሙት ከራዲዮ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ደብዛው የጠፋው ልብስ ሰፊ የረገጣቸውን ቦታዎች የሚያሳይ አስጎብኚ ተነሥቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይጎርፋል ይላል ራዲዮው። ልብስ ሰፊው የእሳቸው ልጅ ነው። “ካልወሰድሽኝ ብቻዬን እሄዳለሁ” አሏት ሴት ልጃቸውን። እንዲህ ሲሉ ደግሞ ሰማይ ዝቅ ቢል አይመለሱም።

ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ እናቷን የደም ግፊት ኪኒን በእጇ የምታስውጣቸው እሷ ናት። ወንድሟ በጠፋ ማግስት ፎቶውን ከግድግዳ አወረደች፤ ዘመድ አዝማዱንም “እሷ ፊት ስሙን እንዳታነሡ፣ ግፊቷ ይነሣል” ብላ አስጠነቀቀች። ዘመድም እሺ አለ። መቼም ለአንዳንድ ዘመድ ዝም በል መባል ግልግል ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ልጁ ትንፍሽ ያለ የለም።

እናም ቅዳሜ ጠዋት አስጎብኚውን ወደ ጥግ ወስዳ ለመነችው። “ማን እንደሆንን ለማንም እንዳትናገር። የወንድሜ ካፖርት የተገኘበትን ድልድይ ደግሞ ዝለልልኝ። እናቴ እዚያ ከቆመች በእግሯ አትመለስም።” አስጎብኚው ለፍላፊ ቢሆንም ሆደ ባሻ ሰው ነውና ቃል ገባላት።

መጀመሪያ የቆሙት ሱቁ ጋ ነው። አሁን የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። “ልብስ ሰፊው በጠራራ ፀሐይ ይህን በር ቆልፎ ወጣ” አለ አስጎብኚው። “ካውያው እንኳ ገና አልበረደም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።” ጎብኚዎቹ ፎቶ አነሡ። ልጅቷ ግን ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። እናት ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ።

ቀጥሎ ምሳ ይበላበት የነበረው ምግብ ቤት ገቡ። ሁልጊዜ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጥ እንደነበር ሲነገር፣ ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ “የሚፈራው ሰው ነበረዋ!” አለ።

“ብርድ ስለማይወድ ነው እንጂ” አሉ እናት በልጃቸው ጆሮ።

“እማዬ፣ በናትሽ ዝም በይ።”

ከምግብ ቤቱ ሲወጡ አስጎብኚው ጉብኝቱ አለቀ ብሎ ሊሰናበት ሲል ባለካሜራው ቱግ አለ። “ድልድዩስ? ካፖርቱ የተገኘበት? እኔ ለእሱ አይደል እንዴ የመጣሁት!”

አስጎብኚው ልጅቷን እያየ ተንተባተበ። መልሱን የሰጡት እናት ናቸው። “ቅርብ ነው፤ እሄዳለሁ” ብለው ቀደሟቸው።

ድልድዩ ላይ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረከ። ጥቁሩ ካፖርት በወጉ ታጥፎ እዚህ ብረት ላይ ተገኘ። ቁልፎቹ ሁሉ በጥቁር ክር የተሰፉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ በነጭ። አንዳንዱ ሰው የምስጢር ማኅበር ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው ገዳዩ ነው የሰፋው ይላል። “እስቲ የትኛው ልብስ ሰፊ ነው ጥቁር ካፖርት ላይ በነጭ ክር ቁልፍ የሚተክል?”

እናት ሳቁ።

“እኔ ነኝ የተከልኩት” አሉ። “ለሰው ሲሰፋ ይውላል፣ የራሱ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ጥቁር ክር ባጣ በነጩ ያዝኩለት። ‘እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል’ አለኝ፤ ‘ይሳቅብህ’ አልኩት። እንደዚያው ለብሶት ወጣ።”

ሁሉም ክው አሉ። ልጅቷ ኪኒኑን ፍለጋ ቦርሳዋን እየበረበረች፣ በሌላ እጇ የእናቷን ክንድ ያዘች። “እማዬ፣ እንሂድ።”

“ተይኝ።”

ባለካሜራው ካሜራውን ወደ ጀርባው አዞረ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ” አለ። “ምን ዓይነት ልጅ ነበር?”

ከቤት ውጭ የት ገባ ብሎ ያልጠየቃቸው ሰው የለም፤ ይህን የጠየቃቸው ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። እናት ነገሩት። ሲያፏጭ ስለሚውል ቤት ውስጥ ወፌ ይሉት እንደነበር፣ ጢም አውጥቶም ጨለማ ይፈራ እንደነበር፣ ስኳር እየሰረቀ እንደሚቅም። ልጅቷ የእናቷን ክንድ አልለቀቀችም፤ በጣቶቿ ሥር የደም ሥራቸው ረጋ ብሎ ይመታል።

“እኛ ቤት እሱን መፈለግ ከተተወ ቆየ” አሏት ዞረው። “እነዚህ ባያውቁትም ይፈልጉታል። ከሚፈልጉት ጋር መዋል አማረኝ።”

ልጅቷ አፈረች። በእናቷ አሳባ ስትጠብቅ የኖረችው የራሷን ልብ ነበር።

“አንቺም ንገሪያቸው እንጂ” አሉ እናት። “አንቺን አይደል የሚያሞላቅቅ የነበረው?”

“ዩኒፎርሜን” አለች፤ “ዩኒፎርሜን እሱ ነበር የሚሰፋልኝ። ሁልጊዜ ትልቅ አድርጎ ነው። ‘ግድ የለም፣ ታድጊበታለሽ’ ይለኛል።” የእናቷን ክንድ ጠበቅ አደረገች። “የመጨረሻውን ሳልሞላው ሄደ” አለችና፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ለወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰችለት።