የካፖርቱ ሁለተኛ ቀዳዳ

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልተነፍስ ኖሬአለሁ። ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። በመጨረሻ ያናገረችኝ የልጄ ልጅ ናት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢወላገድ፣ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነበር ብላችሁ እለፉኝ።

የልጅ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «መርማሪዋ» እንላታለን፤ ጥያቄዋ አያልቅማ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የጦርነቱ ሙዚየም ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር አውጥቷል። እያንዳንዱ ተማሪ ሙዚየሙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አንዱን ይመርጥና፣ ያ ዕቃ በጦርነቱ ዘመን ምን እንዳየ ጠይቆና አንብቦ ይጽፋል። ያሸነፈው ድርሰት ዓመቱን ሙሉ ከዕቃው አጠገብ ይሰቀላል። እሷ የመረጠችው አንድ ግራጫ የወታደር ካፖርት ነው። «አባባ፣ አንተ እኮ ልብስ ታውቃለህ» ብላ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በግራ ደረቱ በኩል የተጣፈ ቦታ አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ያልተጣፈ ቀዳዳ። ልጅቷ ከሥሩ ያለውን መግለጫ አነበበችልኝ። የአንድ ጀግና ወታደር ካፖርት ነው ይላል፤ መጀመሪያ ቆስሎ ሲድን ካፖርቱን በገዛ እጁ ጥፎ ወደ ግንባር ተመለሰ፣ በኋላም እዚያው ወደቀ።

የገዛ ስፌቴን የትም አውቀዋለሁ። ያንን የጣፍኩት እኔ ነኝ።

ቀኝ እግሬ ከግራው ስለሚያጥር ጦርነቱ ሲነሳ ግንባር አልላኩኝም። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የስፌት ክፍል አስገቡኝ። አሥራ ሁለት ሰፊዎች ነበርን። ካፖርቶቹ ታጥበው፣ ገና እርጥበታቸው ሳይለቅ፣ ክምር ሆነው ይመጡልናል። እኛ እንጥፋለን፣ በካውያ እንተኩሳለን፣ ለአዲስ ምልምል ይሰጣል። አለቃችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዓይነት ቀለም ክር አድሎን ነበር። ስንጥፍ ከላይ በግራጫ ክር እንሰፋለን፤ ከገበሩ ሥር ግን የየራሳችንን ቀለም አድርገን እንቋጫለን። መጣፊያው የተላቀቀ እንደሆነ ማንን እንደሚቆጣ እንዲያውቅ ነው። ስፌቱ ሳምንት የማይቆይለት አንድ ጓደኛችን «ለእኔ ግራጫውን ስጠኝ» እያለ አለቃን ሲለምን ይውል ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ቢጫ ነው። ስሜ ራሱ «ቢጫው» ሆኖ ቀረ።

የአብዛኞቹ ካፖርቶች ባለቤቶች ሞተዋል። የሞተ ሰው ካፖርት አንገትጌ ላይ የምትሰፋ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ትነግረናለች፤ መጀመሪያ የምንነቅለው እሷን ነው። ምልምሎቹ ከጠየቁ ባለቤቱ ድኗል በሉ ተብለናል።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አንዱን ነገር ግን ዋጥኩት። እሷም ካፖርቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው ነው ብላ ጻፈች።

በሳምንቱ ድርሰቱ ተመለሰ። ዳኞቹ ጽሑፉን ወደውታል፤ ነገር ግን ከሙዚየሙ መግለጫ ጋር አይገጥምም፤ እስከ ዓርብ ወይ ማስረጃ ታምጣ ወይ ታርመው ይላል። አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አያቴ ነው የነገረኝ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ» አለች። ያቺ አነጋገሯ አንጀቴን በላችው። ማስረጃው ከገበሩ ሥር እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ከሄድኩ ግን ሌላውንም መጠየቄ አይቀርም፤ እሷ ፊት።

ሐሙስ ዕለት ሄድን። የቅርሶቹ ኃላፊ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ረጋ ያለች ሴት ናት። ሁለታችንንም ነጭ ጓንት አስደረገችንና ካፖርቱን ከመስታወቱ አውጥታ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ሽታው የእሳት ራት መከላከያ ብቻ ነበር። ገበሩን ሳትከፍቺ ልንገርሽ አልኳት፤ መቋጫው ቢጫ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ዞሯል። ምላጭ ሰጠችኝ። ገበሩን አንድ ጣት ያህል ፈታሁት። ቢጫው ትናንት የተሰፋ ይመስል ነበር።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ አየችው። ልጅቷ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«መጣፉንስ እርስዎ ጣፉት» አለች ሴትዮዋ። «ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እንደለበሰው ግን በምን አወቁ?»

ቁልፎቹን አሳየኋት። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጎን፣ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፣ የድሮ ክር የወጣበት ነጥብ ነጥብ አለ። ቁልፎቹን ያዛወርኩት እኔ ነኝ አልኳት። አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ካፖርቱ ውጦታል፤ አጥብብልኝ አለኝ፤ እንደቆመ አጠበብኩለት። መርፌው ደረቱ ላይ እያለ መጣፊያውን በጣቱ ዳሰሰና ጠየቀኝ።

ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ምን አለህ፣ አባባ?»

«‹የዚህ ባለቤት ተርፏል?› አለኝ። የሞተውን ሰው ጨርቅ ከአንገትጌው የነቀልኩት እኮ በዚያው ጠዋት ነው። ‹ተርፏል፤ ድኖ ቤቱ ገብቷል› አልኩት። ‹እንግዲያው ዕድለኛ ካፖርት ነው› ብሎ ሳቀ። ቆልፎት ወጣ።»

የታችኛውን ቀዳዳ እያየሁ ነበር። ካዛወርኳቸው ቁልፎች ከሁለተኛው ጎን ነው ያለው። ስሙን አልጠየቅኩትም። የሁለቱንም ስም አላውቅም።

ሴትዮዋ ገበሩን መልሼ እሰፋው እንደሆነ በቀስታ ጠየቀችኝ። መርፌና ግራጫ ክር አመጣች። ክሩን በመርፌው ዓይን ለማስገባት ሦስቴ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ልጅቷ ከእጄ ወሰደችው፣ አስገባችና መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ ወንበሯን ስባ ልክ ከጎኔ፣ ክርኗ ክርኔን እየነካ፣ ተቀመጠች። ሰፋሁ። ልጆቼ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀስ ብዬ የሰፋሁት ልብስ የለም።

«የመለስክለትንም ልጻፈው?» አለችኝ ወደ መጨረሻው ላይ።

«ጻፊው። እንዳለ ጻፊው።»

ጻፈችው። ሦስተኛ ወጣች፤ አንደኛ የወጣው ስለ አንድ የሬዲዮ መገናኛ የጻፈ ልጅ ነው፤ እሷም ስታነበው የእውነት ጥሩ ነው ብላለች። የእሷ አልተሰቀለም። ከካፖርቱ ሥር ያለው መግለጫ ግን ተቀይሯል፤ አሁን «ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ወታደሮች» ይላል።

ያን ሐሙስ ዕለት፣ ሰፍቼ ስጨርስ፣ ክሩን በጥርሴ ልቆርጥ ስል ሴትዮዋ መቀስ አቀበለችኝ። መርፌው ላይ ገና ስንዝር ክር ቀርቶ ነበር። ልጅቷ ክሩን አየች፣ ታችኛውን ቀዳዳ አየች፤ እሱንስ አትጥፈውም አለችኝ።

የኖርኩበት ሥራዬ ነውና እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«እሱ ይቅር፣ ልጄ» አልኳት። «ከእንግዲህ የሚለብሰው የለም።»

መርፌውን ካፖርቱ ላይ ሳይሆን የራሴ ኮት ደረት ላይ ሰካሁትና ተነሣን።