በጀርባ የሚዞር ምት

ተኩሱ ሲጀምር ልጆቹን ዕቃ ቤት አስገባኋቸው። በትምህርት ቤታችን ጣራው የተረፈ ክፍል እሱ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች፣ ሁለት የተሰበሩ ዴስኮች፣ መቀርቀሪያ የሌለው የቆርቆሮ በር። ኅዳር 1987 ነው፤ ሀርጌሳ እንደገና ለሁለት ተከፍላ ትታኮስ ነበር።

ከጥይቱ ይልቅ የፈራሁት ባሬን ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። ከስደተኞች ካምፕ የመጣ ሰሞን በየትምህርቱ መሀል ተነስቶ ይሮጥ ነበር። እናቱ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የከተማው ሰፈር ሻይ ትሸጣለች፤ የተኩስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። አሁን መንገዱን ታጣቂዎች ይዘውታል። ድንገት ከበር የወጣ ሰው ካዩ ሳያጣሩ ይተኩሳሉ።

«እናቴ ጋ ልሂድ» አለ።

«ትንሽ ቆይ፣ ባሬ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

የመለሰችለት ሳጋል ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ አያርፍም። «አንተ ምቱን እስክትጨርስ። እስከ ነገ በለው።»

ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ባሬ በማስተምራቸው ሙዚቃ ላይ ምቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀርበታል። ግን ተቀምጦ የሚጨርሰው ትምህርት እሱ ብቻ ነው።

ከበሮ ስላልነበረን መጀመሪያ የምንመታው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ቁርአን የሚያስቀሩት ሼክ ሀይቤ አንድ ቀን መጥተው፣ «ልጄ ዴቃ፣ አልከለክልሽም። ግን ልጆቼ ሱራውን በቆርቆሮሽ ምት መቅራት ጀምረዋል» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ምቱን ወደ ጀርባ አዛወርነው። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ልጅ ጀርባ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ይመታል፤ ምቱ ዞሮ ወደ ጀመረው ሰው ይመለሳል። ከክፍሉ ውጭ አይሰማም። አንድ ሰው ከተነሳ ምቱ እዚያው ይቆማል። ባሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰዓት የተቀመጠው ያን ቀን ነው። ቁጥርም የያዘው በዚያው ምት ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ከሦስት አላሳለፈውም።

ከአጥሩ ውጭ የወንዶች ድምፅ ሰማሁ።

«በየቦታችሁ» አልኩ በሹክሹክታ።

ክቡን ሠሩ። የባሬ ቦታ ከእኔ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ላዛውረው አሰብኩ፤ ግን ቦታውን ከነኩበት አይቀመጥም። እኔም በቦታዬ ተቀመጥኩ። ላየው አልችልም።

ከፊቴ በተቀመጠችው በሳጋል ጀርባ ላይ ጀመርኩ። እጄ በፍርሃት ይፈጥናል። ምቱ ዞሮ እየፈጠነ ወደ ጀርባዬ መጣ፤ የልጆቹም ትንፋሽ አብሮ ፈጠነ። በሦስተኛው ዙር አልመጣም።

ከባሬ ኋላ ኢዩ ነበረች፤ እናቷ ከጎጃም መጥታ ሰው ቤት ትሠራለች። ኢዩ ባሬ እንዳይገባው እኔ በማውቀው በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ ሊነሳ ነው። አንድ እግሩን አንስቷል» አለችኝ።

ዞሬ ልይዘው ፈለግሁ። ብይዘው ይጮሃል። የግቢው በር ተከፈተ፤ ኮቴ ተሰማ። የውሃ በርሜሉ ክዳን ተንኳኳ። አንዱ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠጣ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በዚያ ፍጥነት ባሬ ደርሶ አያውቅም። ምቱን አፍጥኜ ጥዬው ነው የሄድኩት።

እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን በእሱ ልክ። አንድ መዳፍ፤ ረጅም ዝምታ፤ ሁለተኛው መዳፍ። ሳጋል አንገቷን ልታዞር ብላ ተወችው፤ ያንኑ ቀስታ ለፊተኛዋ አሳለፈች። ምቱ ሁሉንም አልፎ ኢዩ ዘንድ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብኝ። ውጭ ሁለተኛው ሰው ይጠጣል። በሩ ሲጢጥ ያለ መሰለኝ።

ጀርባዬ ላይ አንድ ትንሽ መዳፍ አረፈ። ቆየ። ሁለተኛውም አረፈ።

ስንት ዙር እንደዞርን አላውቅም። ሰዎቹ ባልዲያችንን ይዘው ወጡ፤ ልጆቹ ግን ቶሎ አላቆሙም። ዞር ስል የባሬ ሱሪ ርሶ ነበር። ሳጋልም አየች። ሻሿን ፈትታ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

«እናቴ ጋ መቼ ነው የምሄደው?» አለ።

«መንገዱ ሲከፈት።»

«ሲከፈት ማን ይነግረናል?»

ከወንዙ ማዶ ተኩሱ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ቀርቧል።

«እሺ፣ አሁን ግን እኔ ልጀምር» አለ ባሬ። «ቲቸር፣ አንቺ ዙሪ።»

ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ፊቴ ያለው የሳጋል ትከሻና የጭቃው ግድግዳ ነው። እጁን ጠበቅሁ።