እንደለመለሙ የወደቁት

«ዛሬም ወደቁ» አለች እናት ከጓሮው በር ላይ ሆና።

ታናሽ ልጇ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ታላቅ እህቷ ከተቀበረች ወዲህ የጓሮው ቲማቲም ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። ቢጫ አይሆን፣ አይደርቅ፤ እንደለመለመ ይዝለፈለፋል። ደግሞ የወደቁት ሁሉ ያዘነበሉት ወደ ሟቿ መኝታ ቤት መስኮት ነበር።

«ተከትለዋት እየሄዱ ነው» አለች አክስት አፏን በመዳፏ ሸፍና። «ድሮስ ከሰው ይልቅ ከነሱ ጋር አይደል ወሬዋ?»

«ሁሉንም ንቀዪልኝ፤ ያኔም እንዲሁ ነው የጀመረው» አለች እናት።

ያኔ እህትማማቾቹ ልጆች ነበሩ። እናት ከዚሁ ጓሮ ቲማቲም እየሸጠች ነበር የምታሳድጋቸው። አንድ ክረምት ማሳው በሙሉ እንደለመለመ ወደቀ። እናት የሰው ዓይን ነው አለች፤ ታላቂቱ ግን የወደቀ ግንድ ታቅፋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ «ምን በላሽ?» ስትል ዋለች። አድጋ የተክል ተመራማሪ ስትሆንም ጥያቄዋ ያው ነበር። ፍሬው የሚመር የዱር ቲማቲም አምጥታ ከእናቷ ዘር ጋር ስታዳቅል፣ አበባውን በወረንጦ የምትከፍትላት ታናሿ ነበረች።

«የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንቺ የሰው ቅንድብ ስትነቅዪ ነው የምትውዪው» ትላት ነበር እየሳቀች።

መንቀጥቀጡ የበሽታዋ መጀመሪያ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ከሰዓት በኋላ የሟቿ የሥራ ባልደረባ ለቅሶ ደረሰ። ቲማቲሙ ሊነቀል መሆኑን ሲሰማ ደነገጠ።

«ቆይ፣ እስቲ ብርጭቆ ውሃ ስጡኝ።»

ከወደቁት ያንዱን ግንድ ቆርጦ ጫፉን ውሃው ውስጥ ነከረ። ለቀስተኛው ከበበው። ከቁርጡ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር፣ ነፍስ እንዳለው እየተወዛወዘ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አክስት ወደኋላ አፈገፈገች።

«ባክቴሪያ ነው» አለ። «ከአፈር በሥር ይገባና የውሃ መተላለፊያውን ይደፍናል። እዚህ አፈር ውስጥ እንዳለ ልጅዎ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው የተከለቻቸው።»

«እንዲሞቱ?» አለች እናት።

«የማይሞተውን ለማግኘት፣ እማማ።»

ጥግ ላይ አንዲት ብቻ ቀጥ ብላ ቆማለች። እስካሁን ማንም ልብ አላላትም። ከሷም ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ብርጭቆ ነከረ። ጠበቁ። ውሃው እንደጠራ ቀረ።

«ከዱሩ ቲማቲም የወረሰቻቸው ዘረ መሎች ናቸው። ባክቴሪያው ሲገባ እዚያው ሥሯ ላይ ይዘጉበታል።»

«ከዚያ ይሞታል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አይሞትም። አሁንም ውስጧ አለ። ወደ ላይ መውጣት ነው ያቃተው።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ተክሏ ሥር ጎንበስ አለች። ያን ሁሉ ተክል የበላው ነገር እዚያች ግንድ ሥር፣ በር ተዘግቶበት፣ እየጠበቀ ነው። ጆሮዋን ብታስጠጋ የምትሰማው መሰላት።

እናት ወደ ተክሏ ሄዳ ተንበረከከች። አንድ ቅርንጫፏ ፍሬ ከብዶት ዘመም ብሏል። ጥቁር ሻሿን ፈታች፣ ጠርዙን በጥርሷ ቀደደችና በቅዳጁ ቅርንጫፉን ከድጋፍ እንጨቱ ጋር አሰረችው። ከዚያ ጣቷን በማሰሪያው ውስጥ አስገብታ፣ እንዳይጠብቅባት፣ ላላ አደረገችላት።