ጢም ያወጣው ፍሬ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ጓሮው መሃል እናቱ ፕሪም፣ አባቱ ኮክ የሆነ ዲቃላ ዛፍ አለው። ዛፉ በየዓመቱ ሙሽራ መስሎ ያብባል፤ ፍሬ ግን ወይ ፍንክች! ዘንድሮ የአክስቴ ትዕግሥት አለቀ። መጥረቢያዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ፣

«አበባው ረግፎ ፍሬ ካልታየ እቆርጠዋለሁ። በቦታው የልብስ ማስጫ ገመዴን እዘረጋለሁ» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ልጄ እኮ ነው!»

«ልጅህ ከሆነ ሥራ ይያዛ!»

አጎቴ እየጎተተኝ ችግኙን ወደ ሸጠችለት ሴትዮ ሮጠ።

«እንዲህ ያለው ዲቃላ በራሱ አበባ ብቻ አያፈራም» አለችው። «የፕሪም አበባ ዱቄት ይፈልጋል። ጎረቤት ፕሪም የለም?»

አለ እንጂ! ግን ያለው ፀጉር አስተካካዩ ግቢ ነው። አጎቴ የሰፋለት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቀረበት፤ እሱ ደግሞ በአጸፋው የአጎቴን ግማሽ ጢም ላጭቶ «ምሳ ሰዓት ደረሰ» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ናቸው።

«እሱ ደጅ ከምቆም ዛፉ ይቆረጥ!» አለ አጎቴ። ቤት ደርሶ ዛፉን ሲያይ ግን እንባው መጣ። «እሺ... ምን ብዬ ልግባ?»

«ጢምህን ልትላጭ ነዋ፣ ጋሼ» አልኩት።

ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ፣ «የቀረችውን ግማሽ ልታስጨርስ መጣህ?» አለው።

አጎቴ አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ ጉዳዩን ዘከዘከው። ሰውዬው እስኪያነባ ሳቀ። ሲጠግብ የደንበኛ አንገት የሚያራግፍበትን ብሩሽ አነሳና የራሱን ፕሪም አበባ እየነካካ፣ አጥር ዘሎ የአጎቴን ዛፍ አበባ በአበባ ዳበሰው። ልማድ ክፉ ነው፤ ለእያንዳንዱ አበባ «ከጎን ልቀንስ?» ይላል።

ታዲያ ብሩሹን አላጠበውም ነበር። የስንቱ ሰፈርተኛ የጢም ብናኝ እንዳለበት እግዜር ይወቀው።

ፍሬው መጣ! አክስቴ መጥረቢያዋን ወደ ጓዳ መለሰች። ግን እየበሰለ ሲሄድ ግራ ጉንጩ መላጣ፣ ቀኝ ጉንጩ ጢማም ሆነ። ኮክ ድሮም ፀጉር አለው ትሉኝ ይሆናል። ያ ለስላሳ ነው፤ ይሄ የሚዋጋ፣ ጨብራራ ጢም ነው! አንዱማ ሽበት አውጥቶ ቁርጥ ጡረተኛውን ጎረቤታችንን መሰለ፤ ሳናስበው «እንደምን አደሩ» ብለነዋል።

«እኔ ጢም አልበላም!» አለች አክስቴ። መጥረቢያዋ ከጓዳ ወጣች።

አጎቴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦ «ጎረቤት! ምላጭህን ይዘህ ድረስልኝ!»

ሰውዬው አረፋ በጥብጦ፣ መሰላል ወጥቶ ፍሬውን አንድ በአንድ ላጨው። አጎቴ ከሥር ፎጣ ይዞ ቆመ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አንተ ሱሪ ገዳይ!»

«አንተም ግማሹን ትተህ ምሳ እንዳትሄድ!»

እየተሰዳደቡ፣ እየሳቁ ዋሉ። አክስቴ አንዱን ፍሬ ገመጠች። ሌላ ጨመረች። ከዚያ መጥረቢያዋን ጥላ ገመዷን አመጣችና አንዱን ጫፍ እኛ ዛፍ ላይ፣ ሌላውን በአጥሩ አሻግራ ፀጉር አስተካካዩ ፕሪም ላይ አሰረች።

«ይኸው፣ ልጅህ ሥራ ያዘ» አለችው።

አሁን ገመዱ ላይ ከአክስቴ አንሶላ ጎን አጎቴ ለጎረቤቱ በካሳ የሰፋለት፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አዲስ ሱሪ ተሰጥቷል።

እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው። ህሊናዬ ስለቆረቆረኝ ግን አንዲት የፈጠርኳትን ልመን፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ይሄኛውም ጉልበቱ ላይ ቀርቷል።